የዱላው ፊትና የሩሯ መንገድ

(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ ማንኩሳን በመንገዱ ላይ ያገኛታል። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ስሟን ያውቃል፤ በዓይኑ ያላያት እንኳ ያያት ይመስለዋል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣት ማንኩሳ በመጽሐፍ የታወቀችውን ሳትሆን፤ በልደት ቀን ከቀትር በኋላ፤ ጤፉ ታጭዶ በተነሣበት ሜዳ ላይ ወጣቱና ጎልማሳው ዱላውን ይዞ የሚሰበሰብባትን ማንኩሳ ናት።

የገና ጨዋታ ምን እንደ ሆነ ለአገሬ ሰው ላስረዳ ብል ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይሆንብኛል። ነገር ግን በከተማ ተወልደው በከተማ ያደጉ ልጆቻችን ስሙን እንጂ ነገሩን የማያውቁ ስለ በዙ፤ ጥቂት ቃል ልናገር። ጌታ በተወለደበት ሌሊት የምሥራቹን የሰሙት እረኞች ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር መጥቷል። በዚህ መታሰቢያነት ታኅሣሥ 29 ቀን፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን፤ የላይኛው መንደርና የታችኛው መንደር በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ነው። ኳሷ በአንዳንድ ሥፍራ ሩር፤ በአንዳንድ ሥፍራ ጥንግ ትባላለች፤ ከጠንካራ የዛፍ ሥር ትጠረባለች፤ ወይም ከጠፍር ትጎነጎናለች። የጨዋታው ሐሳብ ሩሯን እየመቱ ከተጋጣሚው ወሰን ማሳለፍ ነው። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ፤ ባለጸጋና ድኻ ይጋጠማሉ፤ ጌታም በገና ጨዋታ አይቆጣም የተባለው ስለዚህ ነው።

ጌታው ባይቆጣም እናት ትቆጣለች፤ አጎትም ይቆጣል። ይህን የማውቀው በራሴ ላይ ከደረሰው ነው።

ዕድሜዬ ወደ ዐሥራ ሁለት ሲጠጋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታላላቆቹ ጋር እንድሰለፍ ተፈቀደልኝ። ከወይራ ቅርንጫፍ የተቆረጠ፤ በእሳት እየተለበለበ የተቆለመመ ዱላ ነበረኝ። በዋዜማው ሌሊት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ፤ የቆልማማውን ውስጠኛ ወገን በካራ ላጥሁት። ሐሳቤ ፊቱ ጠፍጣፋና ያማረ እንዲሆን ነበር። በማግሥቱ ጨዋታው ሲጋጋል ሩሯ እየተንከባለለች ወደ እኔ መጣች። መሬት ለመሬት ወደ ወገኖቼ ልሰዳት አስቤ ባለኝ ኃይል መታኋት። እርሷ ግን እንደ ቆቅ ከመሬት ብድግ ብላ፤ በፊት ለፊቴ የቆመውን የአጎቴን ልጅ ከግራ ዓይኑ በላይ ግንባሩን መታችው። ልጁ ወደቀ፤ ደሙ ፊቱን አለበሰው፤ ጨዋታውም ቆመ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እኔና የአጎቴ ልጅ በከብት ጥበቃ ተራ ተጣልተን ነበር። ጠቡን የሰሙ ሰዎች «አውቆ ነው፤ ቂም ይዞ ነው» አሉ። የአጎቴ ሚስት ልቅሶዋን ይዛ ወደ እናቴ መጣች። ሁለት ቤቶች በአንድ ምት ሊለያዩ ሆነ። እኔም «አላወቅሁም፤ ዝቅ አድርጌ ነው የመታሁት» እያልሁ ብምል የሚያምነኝ አጣሁ፤ ምክንያቱም ሩሯ ወደ ላይ ስትወጣ ሁሉም በዓይኑ አይቷል።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። በወጣትነታቸው የታወቁ የገና ተጫዋች እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል።

«ና እስቲ፤ ዱላህን አምጣ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ዱላውን ለመምታት እንደሚያዝ አድርገው ጫፉን ከመሬት ላይ አሳረፉትና ሩሯን በፊቱ አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ጎንበስ ብለው ከጎን ተመለከቱት፤ አጎቴንም ጠርተው አሳዩት።

«እየው፤ ይህ ዱላ የሚያየው ሰማይን ነው። ሰማይ የሚያይ ዱላ ሩርን ወደ ሰማይ ይልካታል። ማን ጠረበው?»

«እኔ ነኝ፤ አባቴ» አልሁ።

«መቼ?»

«ትናንት ማታ።»

«እንግዲያውስ ጥፋትህ የዛሬ አይደለም፤ የትናንት ማታ ነው። ዛሬ እጅህ ዝቅ ብሎ ነው የመታው፤ ትናንት ግን ካራህ የላይኛውን ጠርዝ አብዝቶ በልቶታል» አሉና፤ ካራ አስመጥተው የታችኛውን ጠርዝ ላጡት፤ ፊቱንም ቀጥ አደረጉት። አጎቴ ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና «እውነት ነው» አለ። ዕርቁ በዚያው ዕለት ሆነ። ካሣው በግ ነበር፤ የቂም ካሣ ግን አልተጠየቅሁም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ነገር ለብዙ ዘመን በልቤ ኖሯል። ሽማግሌው የተናገሩት የዕርቅ ብልኀት ነበርን? ወይስ የነገሩ እውነት? ለዚህ ሥራ መጻሕፍትን ማገላበጥ ከጀመርሁ በኋላ ግን፤ ባሕር ማዶ ያሉ ሕዝቦች በዚህችው በአንዲት ጥያቄ ላይ ብዙ መቶ ዓመት እንደ ደከሙባት ተረዳሁ። የደከሙባትም ጎልፍ በሚባለው ጨዋታ ነው።

ጎልፍ በስኮትላንድ የቆየ ጨዋታ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1457 ዓመተ ምሕረት (ከዚህ በታች የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) የስኮትላንድ ምክር ቤት ወጣቱ የቀስት ልምምዱን ትቶ በጎልፍና በእግር ኳስ ጊዜውን ያጠፋል ብሎ ሁለቱንም ከልክሎ ነበር። ክልከላው ግን ጨዋታውን አላጠፋውም። በ1744 በሊዝ ከተማ የጎልፍ ተጫዋቾች 13 አንቀጽ ያለው ሕግ ጻፉ። ዛሬ ጎልፍ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል፤ በእኛም አገር በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ እንዳለ ከእናንተ መካከል የሰማችሁ አትጠፉም።

ጎልፍ ከገና የሚለይበት አንዱ ነገር ይህ ነው፤ የገና ተጫዋች በአንድ ዱላ ውሎ ይገባል፤ የጎልፍ ተጫዋች ግን ብዙ ዱላ በከረጢት ይዞ ይዞራል። ብዛቱ ከልክ በማለፉ አሜሪካኖች በ1938፤ ስኮትላንዶች ደግሞ በ1939 ከ14 ዱላ በላይ መያዝን ከለከሉ። እነዚህ ዱላዎች በርዝመት ይለያያሉ፤ ዋናው ልዩነታቸው ግን ፊታቸው ወደ ኋላ የሚጋደልበት መጠን ነው። ሩቅ ለመስደድ የሚያገለግለው ረጅሙ ዱላ ፊቱ የሚጋደለው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ከፍ አድርጎ በቅርብ ለማሳረፍ የሚያገለግለው 45 ዲግሪ ያህል ይጋደላል። ከአሸዋ ጉድጓድ ኳስ የሚያወጡበት ደግሞ እስከ 56 ዲግሪ ይደርሳል። እንግዲህ የማንኩሳው ሽማግሌ «ሰማይ የሚያይ ዱላ» ያሉትን፤ እነዚያ በዲግሪ ለክተውታል።

ነገር ግን የተጋደለ ፊት ኳሱን ወደ ላይ ከመላክ ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው። ኳሱ በተጋደለው ፊት ላይ ሲያርፍ፤ ፊቱ ከሥሩ ይጨብጠውና ወደ ኋላ እንዲሽከረከር ያደርገዋል። ኳሱ ወደ ፊት እየበረረ ወደ ኋላ ይሽከረከራል ማለት ነው። በታወቁ ተጫዋቾች ምት ላይ ሲለካ፤ በረጅሙ ዱላ የተመታ ኳስ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ያህል፤ 45 ዲግሪ በሚጋደለው የተመታው ደግሞ 9,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል።

የሚሽከረከር ኳስ መንገዱን እንደሚያጥፍ ሊቃውንት ከጥንት አስተውለዋል። ይስሐቅ ኒውተን በ1672 በጻፈው ደብዳቤ በራኬት የተመታ የቴኒስ ኳስ በመንገዱ ሲጎብጥ ማየቱን ገልጿል። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 ስለ መድፍ በጻፈው መጽሐፍ ጥይት ከመንገዱ የሚወጣው በመሽከርከሩ እንደ ሆነ አመለከተ። ጀርመናዊው ማግኑስ በ1852 ነገሩን በሙከራ መረመረ፤ እስከ ዛሬም ኃይሉ በእርሱ ስም ይጠራል። ምክንያቱ በቀላሉ ሲነገር ይህ ነው፤ የሚሽከረከር ኳስ አጠገቡ ያለውን አየር ይዞ ይዞራል፤ አየሩንም ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ አየሩም በበኩሉ ኳሱን ወደ ተቃራኒው ወገን ይገፋዋል። ወደ ኋላ የሚሽከረከር ኳስ አየሩን ወደ ታች ስለሚገፋ፤ አየሩ ኳሱን ወደ ላይ ይደግፈዋል።

ይህን ለጎልፍ ያዋለው በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበረው ፒተር ጋትሪ ቴት ነው። ልጁ ፍሬዲ ቴት በ1896 እና በ1898 የአማተር ሻምፒዮና ያሸነፈ ታላቅ ተጫዋች ነበር። አባትየው ኳስ ምን ያህል እንደሚሽከረከር ለማወቅ የተጠቀመበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። የጥብጣብ አንዱን ጫፍ ከኳሱ፤ ሌላውን ጫፍ ከቆመ ነገር ላይ አሰረ፤ ኳሱም ከተመታ በኋላ ጥብጣቡ ስንት ጊዜ እንደ ተጠመዘዘ ቆጠረ። ከዚህም ተነሥቶ፤ ኳስ በአየር ላይ ያን ያህል የሚቆየው በኃይል ስለ ተመታ ብቻ ሳይሆን፤ የዱላው ፊት ወደ ኋላ ስላሽከረከረው መሆኑን አስረዳ። ከዚያ በፊት ብዙ ተጫዋቾች መሽከርከርን እንደ ስሕተት ብቻ ይቈጥሩት ነበር።

ኳሱም ራሱ የሚያስተምረን አለ። በጥንቱ ዘመን የጎልፍ ኳስ ከቆዳ ተሰፍቶ በላባ የሚጠቀጠቅ ነበር። በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከተባለ የዛፍ ሙጫ የተሠራ ርካሽና ለስላሳ ኳስ መጣ። ታዲያ ተጫዋቾች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ፤ አዲሱ ለስላሳ ኳስ ቶሎ ይወድቃል፤ በዱላ ተደብድቦ የተቧጨረው አሮጌው ግን ሩቅ ይበራል። ስለዚህ አዲሱን ኳስ ገና ሳይመቱት በመዶሻ ይቧጭሩት ጀመር። በ1905 እንግሊዛዊው ዊልያም ቴይለር በኳሱ ላይ እንደ ጉንጭ ስርጉድ ያሉ ትንንሽ ጎድጓዶች እንዲኖሩ አድርጎ የፈጠራ መብት ጠየቀ። የዛሬ ኳስ ከ300 እስከ 400 የሚሆን ስርጉድ አለው። እነዚህ ስርጉዶች አየሩ ከኳሱ ጋር ተጣብቆ እንዲቆይና ከኋላው የሚጎትተው ሽብር አየር እንዲያንስ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ዱላው ፊት እንመለስ። ፊቱ ከመጋደሉ በቀር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይመለከታል። እዚህ ላይ የጎልፍ መምህራን ለብዙ ዘመን ተሳስተው ነበር። ኳስ ሲነሣ ዱላው በተወዛወዘበት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ኋላ ግን የዱላው ፊት ወደሚመለከትበት ይታጠፋል እያሉ ያስተምሩ ነበር። በአሜሪካ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ቴዎዶር ዮርገንሰን በ1990ዎቹ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሒሳብ አብራራ። ከ2000 በኋላም የኳሱን በረራ የሚከተሉ የራዳር መሣሪያዎች ነገሩን በልኬት አረጋገጡት። ኳስ ሲነሣ የሚሄደው በአብዛኛው ፊቱ ወደሚያይበት ነው፤ በረጅሙ ዱላ ከመቶ 85 እጅ ያህሉን፤ በብረት ዱላዎች ከመቶ 75 እጅ ያህሉን አቅጣጫ የሚወስነው ፊቱ ነው። ኋላ የሚታጠፈው ደግሞ የክንዱ መንገድና የፊቱ አመለካከት ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። መምህራኑ እጅን ሲከሱ በኖሩበት ነገር እውነተኛው ተጠያቂ ፊቱ ሆኖ ተገኘ።

ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ጊዜው ራሱ ይናገራል። ዱላና ኳስ ተነካክተው የሚቆዩት ከአንድ ሰከንድ ሁለት ሺሕኛውን እጅ ያህል ብቻ ነው። ዓይን ከመጨፈኑ እጅግ ያነሰ ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሰው እጅ አንዳች ነገር ሊያርም አይችልም፤ ምቱ መሳሳቱን ነርቭ ለአእምሮ ሳያደርስ ኳሱ ሄዷል። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት የሚናገረው ፊቱ ብቻ ነው፤ ፊቱም የሚናገረው አስቀድሞ የተቀረጸበትንና የተያዘበትን ነው።

በፊቱ ላይ ስለሚታዩት ቀጫጭን ቦዮችም ብዙ ክርክር ሆኗል። ብዙ ሰው ኳሱን የሚያሽከረክሩት እነርሱ ይመስሉታል። ነገር ግን ኳሱም ፊቱም ደረቅና ንጹሕ ሲሆኑ ቦዮቹ የሚያመጡት ልዩነት ጥቂት ነው። ዋና ሥራቸው ሣሩ ሲረጥብ ነው፤ በእርሻችን ጠርዝ የምናወጣው ቦይ ውኃውን እንደሚያሳልፍ፤ እነርሱም ውኃውንና የሣሩን ጭማቂ ከመካከል ያስወግዳሉ። በ1921 ጆክ ሃቺሰን የተባለው ተጫዋች ጥልቅ ቦይ ባላቸው ዱላዎች የብሪታንያን ኦፕን አሸነፈ፤ ያን ዓይነቱም ዱላ ተከለከለ። በ2010 ደግሞ የቦዮቹን ስፋትና የጠርዛቸውን ስለት የሚወስን አዲስ ደንብ ወጣ።

ሌላም ጥበብ አለ። የረጅሙ ዱላ ፊት ሲያዩት ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ በመጠኑ ወደ ውጭ ያበጠ ነው። ኳሱ ከመካከል ወጥቶ ጫፍ ላይ ሲያርፍ፤ የዱላው ራስ በምቱ ኃይል ይዞራል፤ ኳሱም እንደ ሁለት የሰዓት ጥርሶች በተቃራኒው ይሽከረከራል። ያበጠው ፊት ኳሱን መጀመሪያ ወደ ውጭ ይልከዋል፤ መሽከርከሩ ግን መልሶ ወደ መካከል ያመጣዋል። የጥንት ጠራቢዎች ይህን ያወቁት በሒሳብ ሳይሆን በዓይናቸውና በእጃቸው ነው። በ1959 ደግሞ ከኖርዌይ የተወለደው የአሜሪካ መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም የዱላውን ራስ ክብደት ወደ ሁለቱ ዳር አውጥቶ ሠራ። በዚህ ምክንያት ኳሱ ከመካከል ቢወጣ እንኳ ፊቱ ብዙ አይዞርም፤ የተጫዋቹን ስሕተት ዱላው በከፊል ይሸከምለታል።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ የገናን ዱላ ስንመለከተው አዲስ ሆኖ ይታየናል። ሜዳ ሆኪ በሚባለው ጨዋታ ዱላው አንድ ወገኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ሕጉም በክቡ ጀርባ መምታትን ይከለክላል። የእኛ ዱላ ግን እንደ ተፈጥሮው ክብ ሆኖ ከቀረ፤ ፊቱ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። የክቡ የላይኛው ወገን ሩሯን ሲነካ ያነሣታል፤ የታችኛው ወገን ሲነካ ወደ መሬት ይጫናታል። የአንድ ጣት ስፋት ልዩነት ሩሯን ከእግር ወደ ግንባር ያወጣታል። ስለዚህ ዱላን መጥረብ የገና ጨዋታ ግማሹ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ለገና የመወዳደሪያ ደንብ አውጥቶለታል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ደንብ በወረቀት ሲቀመጥ፤ ዱላን ከመሬት አሳርፎ ከጎን የሚመለከተው ዓይን ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ ወደ መቃብር እየወረደ ነው። ስኮትላንዶች የጠራቢዎቻቸውን ዕውቀት ወደ ዩኒቨርሲቲ ወሰዱት፤ ሊቁ ቴትም ጥብጣብ ይዞ ተከተለው። እኛ የራሳችንን ጠራቢዎች ማን ጠየቃቸው?

ባለፈው የልደት በዓል ወደ ማንኩሳ ሄጄ ነበር። የአጎቴ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለው ጠባሳ አልጠፋም። የእርሱ ታናሽ ልጅ አዲስ የተጠረበ ዱላ ይዞ ወደ ሜዳ ሊሮጥ ሲል አባቱ ጠርቶ አስቆመው። ዱላውን ከመሬት አሳረፈና ጎንበስ ብሎ ከጎን ተመለከተ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «አንተም እየው» አለኝ። ሁለታችንም በጉልበታችን ተንበርክከን አየነው። ጥቂት ወደ ላይ ይመለከት ነበር። ካራ አስመጣንና የታችኛውን ጠርዝ ላጥነው።

አንባቢ ሆይ፤ አንተም በየቢሮህ ሥራ የተበላሸበትን ሰው ፊት ለፊትህ አቁመህ የምትጠይቅበት ቀን አይጠፋም። በዚያን ቀን ሰውየውን አውቆ ነው ከማለትህ በፊት፤ ይዞት የነበረውን ዱላ አስመጥተህ ከመሬት ላይ አሳርፈውና ከጎን ተመልከተው። ማን ጠረበው፤ መቼስ ጠረበው ብለህ ጠይቅ። ምናልባት ጥፋቱ የዛሬው እጅ ሳይሆን የትናንት ማታው ካራ ሆኖ ታገኘዋለህ። ካራውን የያዘው ያው ሰው ቢሆን እንኳ፤ ስለ ካራው የሚጠየቀው ካሣ በግ ነው፤ ቂም አይደለም።